ለመንገድ ብስክሌት ምቹ ኮርቻ አመራረጥ

በመንገድ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው የሰውነቱን ክብደት በሦስት ቦታዎች ያሳርፋል፤ እግሮቹ ፔዳሎቹን ይረግጣሉ፣ እጆቹ መሪውን ይደገፋሉ፣ መቀመጫው ደግሞ ኮርቻው ላይ ያርፋል። እጅ በመሪው ላይ ቦታ ሊለዋውጥ፣ እግርም በየዙሩ ጫናውን ሊያላላ ሲችል፣ ኮርቻው ላይ ያረፈው የሰውነት ክፍል ግን ለሰዓታት እዚያው ስለሚጫን፣ በረጅም ጉዞ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚታመመው እርሱ ነው። የመንገድ ብስክሌት ሲባል በአስፋልት ላይ ለፍጥነትና ለረጅም ርቀት ታስቦ የተሠራ፣ ቀጫጭን ጎማዎችና ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ መሪ ያለው ብስክሌት ማለት ሲሆን፣ ብስክሌተኛውን ወደ ፊት ስለሚያጎነብሰው ኮርቻው ለአጭር የከተማ ምልልስ ከሚያገለግለው ብስክሌት ኮርቻ ይልቅ የጠበበና የጠነከረ ነው።

ብዙ ገዢዎች ይህን ጥበትና ጥንካሬ የሕመማቸው ምንጭ አድርገው ስለሚወስዱት፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሰፊ ኮርቻ ገዝተው ይቀይራሉ፤ አዲሱ ኮርቻ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ደስ ቢያሰኝም ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከቀድሞው የባሰ መደንዘዝና ፍትጊያ ያመጣል። ምቾትን የሚወስኑት በቅደም ተከተል ሲቀመጡ የመቀመጫ አጥንት ስፋት፣ የአጎነባበስ መጠንና የኮርቻው አገጣጠም ናቸው፤ ልስላሴ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ የቀረበው መመሪያም ነባሩን ኮርቻ ከመፈተሽ ይጀምርና ልስላሴን ከስፋትና ከቅርጽ በኋላ ያነሣል።

ሰውነትና ኮርቻ የሚገናኙበት ቦታ

የዳሌ አጥንት ከታች በኩል በሁለት ጉብታዎች ያልቃል። እነዚህ ጉብታዎች የመቀመጫ አጥንቶች የሚባሉ ሲሆን፣ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፉን ከሥሩ ላስገባ ሰው በግልጽ ይዳሰሳሉ። የተቀመጠን ሰው ክብደት ለመሸከም የሚመቹት እነርሱ ናቸው። በሁለቱ መካከል፣ ከብልት እስከ ፊንጢጣ ያለው ለስላሳ ክፍል ግን ጫና አይችልም፤ የብልት አካባቢን ስሜት የሚያስተላልፈው ፑደንዳል የተባለው ነርቭና አብሮት የሚጓዘው ደም ቅዳ በዚያ ስለሚያልፉ፣ ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ሲጫን የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ነርቩም ይጨመቃል፣ ውጤቱም መደንዘዝ ይሆናል። ስለዚህ የጥሩ ኮርቻ ተግባር ክብደቱን ለአጥንት ሰጥቶ ለስላሳውን ክፍል ከጫና ማሳረፍ ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው የዳሌ ማዘንበል ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው በሁለቱ ጉብታዎች ላይ ያርፋል፤ ወደ መሪው እያጎነበሰ ሲሄድ ግን ዳሌው ወደ ፊት ይዞርና ጫናው ከጉብታዎቹ ተነሥቶ፣ ወደ ፊት እየተቀራረቡ ሄደው በብልት አጥንት ወደሚገናኙት ሁለት የአጥንት ቅስቶች ይሸጋገራል። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ አንደኛው፣ ይበልጥ የሚያጎነብስ ብስክሌተኛ የሚያርፍበት የአጥንት ክፍል ስለሚቀራረብ የጠበበ ኮርቻ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው፣ በዚያው መጠን ለስላሳው ክፍል ወደ ኮርቻው ስለሚጠጋ መካከሉ የተከፈተ ወይም ዝቅ ያለ ኮርቻ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የሴቶች የመቀመጫ አጥንቶች በአማካይ ከወንዶቹ ይልቅ የተራራቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ጾታ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ ጠባብ ኮርቻ የሚስማማት ሴትም ሰፊ ኮርቻ የሚያስፈልገው ወንድም ጥቂት አይደሉም፤ በመሆኑም በማሸጊያው ላይ “የሴት” ወይም “የወንድ” ተብሎ የተጻፈው ልኬትን አይተካም። ቁመትና ክብደትም የዚህን አጥንት ስፋት በአስተማማኝ መንገድ አያመለክቱም።

ደረጃ 1፦ ነባሩን ኮርቻ ሳይጥሉ አገጣጠሙን መፈተሽ

አዲስ ኮርቻ ከመግዛት በፊት አሁን ያለው በትክክል መገጠሙን ማረጋገጥ ገንዘብ ያድናል፤ በኮርቻ ቅርጽ የሚሳበብ ሕመም ብዙ ጊዜ ከቁመት ወይም ከዝንባሌ ስሕተት የሚመጣ ነውና። ለዚህ ሥራ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢና ብሩጎላ፣ ማለትም የኮርቻውን ብሎኖች የሚፈታው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ የሚፈተሸው ቁመት ነው። ብስክሌተኛው ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ ይቀመጥና አንዱን ፔዳል ወደ ታችኛው ነጥብ አድርሶ ተረከዙን ያሳርፍበታል፤ በዚህ ጊዜ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ማለት፣ ዳሌው ግን ወደ ጎን አለመውረድ ይኖርበታል። በጉዞ ላይ የሚረገጠው በእግር የፊት ክፍል ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የተስተካከለ ቁመት በታችኛው ነጥብ ላይ ለጉልበት መጠነኛ እጥፋት ይተዋል። በቁጥር መሥራት የሚፈልግ ሰው የእግሩን ውስጣዊ ቁመት በ0.883 ሊያባዛ ይችላል፤ ይህ ስሌት ከፈረንሳዩ አሠልጣኝ ሲሪል ጊማርና ከአሜሪካዊው የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ግሬግ ለሞንድ ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ነው። ውስጣዊ ቁመት የሚለካው ያለ ጫማ ጀርባን ከግድግዳ አስጠግቶ በመቆም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮች መካከል አስገብቶ እስከ ብሽሽት በማጥበቅና ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለሉ በመለካት ነው። 82 ሴ.ሜ. የሆነለት ሰው 72.4 ሴ.ሜ. ያገኛል፤ ይህም የፔዳል ክንዶቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል ተነሥቶ የኮርቻውን ቱቦ አቅጣጫ ተከትሎ እስከ ኮርቻው ገጽ ያለው ርቀት ነው። ከልክ በላይ ከፍ ያለ ኮርቻ ዳሌን በየርግጫው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዘ የጭን ውስጠኛ ክፍልን ይፍቃል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ያለው ደግሞ እግር ክብደቱን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ጫናውን በሙሉ መቀመጫው ላይ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ዝንባሌ ነው። ብስክሌቱ ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ ውሃ ልኩ በኮርቻው ርዝመት ላይ ሲጋደም አረፋው መሐል ላይ መቆም አለበት። አፍንጫው፣ ማለትም የኮርቻው ቀጭን የፊት ጫፍ፣ ሽቅብ ካየ ለስላሳውን ክፍል ይወጋል፤ በጣም ካቀረቀረ ደግሞ ሰውነት ወደ ፊት ስለሚንሸራተት እጅ፣ ትከሻና አንገት ይደክማሉ።

ሦስተኛው የፊትና የኋላ አቀማመጥ ነው። ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆኑ፣ ከፊተኛው እግር የጉልበት ሎሚ ሥር የተንጠለጠለ ቱምቢ በፔዳሉ ዘንግ አካባቢ ቢወርድ ለመነሻ በቂ ነው። ይህ ዘዴ የመጨረሻ ሕግ ሳይሆን የመነሻ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድረግ የሚወሰነው በስሜት ነው።

ሦስቱ ከተስተካከሉ በኋላም መሪው በጣም ከራቀ ወይም ፍሬሙ ለብስክሌተኛው ከተለቀ፣ ሰውነት እየተሳበ አፍንጫው ላይ ስለሚቀመጥ የትኛውም ኮርቻ ምቹ አይሆንም። እንዲህ ባለው ሁኔታ መፍትሔው መሪውን ማቅረብ ወይም ከፍ ማድረግ እንጂ ኮርቻ መቀየር አይደለም።

ደረጃ 2፦ የመቀመጫ አጥንቶችን ርቀት መለካት

አንዳንድ የብስክሌት መደብሮች ለዚህ ልኬት የተዘጋጀ መሣሪያ አላቸው፤ መሣሪያው በማይገኝበት ቦታ ግን ልኬቱን ቤት ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። የሚያስፈልጉት ትራስ የሌለው ጠንካራ በርጩማ፣ ውስጡ የሞገድ ቅርጽ ያለው የማሸጊያ ካርቶን፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ ናቸው።

1. ካርቶኑ በርጩማው ላይ ይነጠፋል፤ ለኪው ስስ ልብስ ለብሶ በካርቶኑ መሐል ይቀመጣል።

2. ጉልበቶቹ ከዳሌው ትንሽ ከፍ እንዲሉ እግሮቹን ዝቅተኛ ሣጥን ወይም የተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ያሳርፋል።

3. በብስክሌቱ ላይ በሚያጎነብስበት መጠን ወደ ፊት ያጎነብስና በሁለት እጆቹ የበርጩማውን ጠርዝ ይዞ ራሱን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ታች ይስባል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ጎን መንቀሳቀስ አሻራውን ስለሚያሰፋው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

4. ከተነሣ በኋላ ካርቶኑ ላይ የተሰረጎዱ ሁለት ቦታዎች ይታያሉ። ደብዛዛ ከሆኑ ባትሪ ከጎን በኩል ቢበራባቸው ጥላቸው ይለያቸዋል። በእያንዳንዱ ጥልቅ ነጥብ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግና ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይለካል።

5. ልኬቱ በአዲስ ካርቶን ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ያ ተጥሎ እንደገና ይለካል።

የብዙዎቹ አዋቂዎች ውጤት በ100 እና በ150 ሚ.ሜ. መካከል ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ ከአጥንት ስፋት ወደ ኮርቻ ስፋት

የተገኘው ቁጥር የአጥንቶቹ ርቀት እንጂ የኮርቻው ስፋት አይደለም። አጥንቶቹ የኮርቻው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ገባ ብለው ማረፍ ስላለባቸው፣ በልኬቱ ላይ ጭማሪ ይደረጋል፤ የጭማሪው መጠንም በአጎነባበስ ይወሰናል። ለውድድር ዝቅ ብሎ ለሚጋልብ ሰው 10 ሚ.ሜ. ያህል፣ በመካከለኛ አጎነባበስ ረጅም ርቀት ለሚሄድ 20 ሚ.ሜ. ያህል፣ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ደግሞ 30 ሚ.ሜ. እና ከዚያ በላይ መጨመር የተለመደ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የመቀመጫ አጥንቶቹ ርቀት 118 ሚ.ሜ. የሆነ ብስክሌተኛ በመካከለኛ አጎነባበስ የሚጋልብ ከሆነ 118 እና 20 ተደምረው 138 ሚ.ሜ. ይሰጣሉ። ስፔሻላይዝድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለምሳሌ ኮርቻዎቹን በ130፣ በ143፣ በ155 እና በ168 ሚ.ሜ. ስፋት ስለሚያቀርብ፣ ለዚህ ሰው የሚቀርበው ልክ 143 ነው። ይኸው ሰው መሪውን ዝቅ አድርጎ ለውድድር ቢዘጋጅ ግን 118 እና 10 ተደምረው 128 ስለሚሆኑ 130 ሊበቃው ይችላል። አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ብስክሌቶች ላይ ሁለት የተለያዩ ኮርቻዎች ሊያስፈልጉት የሚችሉበት ምክንያትም ይኸው ነው። ስሌቱ በሁለት ልኮች መካከል ሲወድቅ፣ ጭኖቹ ከኮርቻው ጠርዝ ጋር እስካልተፋተጉ ድረስ ሰፋ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ በጣም የጠበበ ኮርቻ አጥንቶቹን ከጠርዙ ውጪ ጥሎ ክብደቱን በሙሉ ለስላሳው ክፍል ላይ ያሳርፋልና።

አምራቾች የሚጽፉት ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ስለሆነ ሌላ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የኋለኛ ክንፎቹ ወደ ታች የተቆለመሙ ኮርቻ ላይ ክብደት የሚሸከመው ገጽ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ በኮርቻው ሰፊ ቦታ ላይ በአግድም ይጋደምና ገጹ ከማስመሪያው ጉልህ በሆነ መጠን የሚለይባቸው ሁለት ነጥቦች ይታያሉ፤ አጥንቶቹ ሊያርፉ የሚገባው በእነዚህ ነጥቦች መካከል ነው።

ደረጃ 4፦ ቅርጽን መምረጥ

ስፋት ከታወቀ በኋላ የሚመረጠው ቅርጽ ነው። የመጀመሪያው ርዝመት ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ኮርቻዎች ከ270 እስከ 280 ሚ.ሜ. ይረዝማሉ፤ የአሁኖቹ አጭር ኮርቻዎች ግን አፍንጫቸው ተቆርጦ ወደ 240 እና 250 ሚ.ሜ. ወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፓወር የተባለው የስፔሻላይዝድ ኮርቻ ይህ ዓይነት በመንገድ ብስክሌተኞች ዘንድ እንዲለመድ ትልቅ ድርሻ ነበረው። አጭር ኮርቻ ዳሌውን ወደ ፊት አዙሮ አንድ ቦታ ላይ ጸንቶ ለሚጋልብ ሰው ይስማማል፤ በረጅም ጉዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ጡንቻ የሚያሳርፍ ሰው ደግሞ ቦታ የሚሰጠውን ረጅሙን ይመርጣል። ለውድድር የሚገዛ ሰው የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ የኮርቻን ርዝመት ከ24 እስከ 30 ሴ.ሜ. የሚገድብ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከጎን ሲታይ ያለው መልክ ነው። ዝርግ ኮርቻ ቦታ መለዋወጥን ሲፈቅድ፣ መሐሉ የጎደጎደውና ኋላው ከፍ ያለው ሰውነትን አንድ ቦታ ላይ ይይዛል። የኋለኛው ለአቀበት የሚሰጠው ጥቅም አለ። አንድ መንገድ 8 በመቶ ሽቅብ ሲያዘነብል ብስክሌቱ በሙሉ ወደ 4.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጋደም፣ በሜዳ ላይ በውሃ ልክ የተስተካከለው ኮርቻ በአቀበቱ ላይ አፍንጫውን በዚያው መጠን ሽቅብ ያነሣል፤ ብስክሌተኛውም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን እንደሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ ባለ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያለማቋረጥ በሚወጣ አቀበት ላይ ለሚለማመድ ሰው ኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ ወገብን የሚደግፍ ሲሆን፣ ዝንባሌውን አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ማድረግም ምክንያታዊ ይሆናል።

ሦስተኛው የመሐሉ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች የተቦረቦረ ቀዳዳ ወይም ገጹ ላይ ብቻ የተቀረጸ ቦይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሐኪም ሮጀር ሚንኮው ከስፔሻላይዝድ ጋር ሆኖ የደም ዝውውርን መጠበቅ ዓላማው ያደረገ ኮርቻ ከነደፈ ወዲህ፣ በመሐል የተከፈለ ኮርቻ በብዙ አምራቾች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። መደንዘዝ ለሚሰማው ሰው ክፍተት ያለው ኮርቻ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ይሁንና ለአንዳንድ ሰዎች የቀዳዳው ጠርዝ ራሱ አዲስ የጫና መስመር ስለሚፈጥር፣ ለእነርሱ ሰፊና ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ቦይ ይሻላል፤ የሁለቱ ብልጫ ያለ ሙከራ ሊታወቅ የሚችል አይደለም።

አራተኛው የአፍንጫው ስፋትና ከአፍንጫው ወደ ክንፎቹ የሚደረገው ሽግግር ነው። አፍንጫው ቀጭን ሆኖ ክንፎቹ በድንገት የሚሰፉበት ኮርቻ ጭናቸው ለሚወፍርና ለሚፋተግ ሰዎች ይስማማል፤ ቀስ በቀስ የሚሰፋው ደግሞ ቦታ እየለዋወጡ ለሚቀመጡ ይመቻል።

ደረጃ 5፦ ስፖንጅ፣ ሽፋንና ዘንጎች

ወፍራም ስፖንጅ ለምን እንደሚጎዳ አሁን መረዳት ይቻላል። ጭቃ ላይ የተቀመጠ በርጩማ እግሮቹ እንደሚሰምጡ ሁሉ፣ አጥንቶቹም በጣም ለስላሳ በሆነ ስፖንጅ ወይም ጄል ውስጥ ይሰምጣሉ፤ በመሐል የቀረው ስፖንጅ ሽቅብ ተገፍቶ መጠበቅ የነበረበትን ለስላሳ ክፍል ይጫናል። በመሆኑም ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚጓዝ ሰው በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ የሚሰጥና ወዲያው የሚመለስ ጠንካራ ስፖንጅ ይመረጣል፤ ለአጭር የከተማ ጉዞ ያለ ልዩ ቁምጣ ለሚቀመጥ ሰው ግን ለስለስ ያለው ጉዳት የለውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሦስት ገጽታ ማተሚያ የሚሠሩ፣ ከስፖንጅ ይልቅ መረብ የሚመስል ሙሌት ያላቸው ኮርቻዎች ወጥተዋል፤ ጥቅማቸው በአንድ ኮርቻ ላይ ከቦታ ቦታ የተለያየ ልስላሴ መስጠታቸው ሲሆን፣ ዋጋቸው ግን ከተራው በብዙ ይበልጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስፖንጅ የሌለው የተወጠረ ቆዳ ኮርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዟ በርሚንግሃም የተመሠረተው ብሩክስ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚያመርተው ቢ17 የዚህ ዓይነቱ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ወፍራሙ ቆዳ በሁለት ጫፎች ላይ ተወጥሮ ስለሚሠራ መጀመሪያ ደረቅ ቢሆንም፣ በጉዞ ብዛት የተቀማጩን አጥንቶች ቅርጽ ይይዛል። በአንጻሩ ከባድ ነው፤ በየጊዜው ቅባት ይፈልጋል፤ ዝናብ ላይ ያለ መሸፈኛ ቢተው ይላላል።

ከኮርቻው ሥር ያሉት ሁለት ትይዩ ዘንጎች ኮርቻውን ከቱቦው ጋር የሚያያይዙ ሲሆኑ፣ ከብረት፣ ከቲታኒየም ወይም ከካርቦን ይሠራሉ። የካርቦን ዘንግ ዋና ጥቅሙ ክብደት መቀነስ ነው፤ ስለዚህ ለምቾት ብቻ የሚገዛ ሰው ለእርሱ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት በቂ ምክንያት የለውም። የብረት ዘንግ ብዙ ጊዜ 7 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ክብ ሲሆን፣ የካርቦኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው 9 ሚ.ሜ. የሆነ ሞላላ ስለሆነ በተራ ማጥበቂያ ሊቆነጠጥ አይችልም፤ ገዢው በብስክሌቱ ላይ ያለው ማጥበቂያ ከዘንጉ ጋር የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ደረጃ 6፦ በግዢ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ

ሞክሮ መመለስ የሚፈቅድ ሱቅ ካለ ከሌሎች ሁሉ ይመረጣል፤ ኮርቻ በሱቅ ውስጥ በእጅ ተጭኖ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚፈተን ዕቃ ነውና። እንዲህ ያለ ዕድል በማይገኝበትና ያገለገሉ ዕቃዎች በብዛት በሚሸጡበት ገበያ ደግሞ ምርመራው ጠንከር ማለት አለበት። ኮርቻው ተገልብጦ ዘንጎቹ ቀጥ ማለታቸውና እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸው ይታያል፤ አንዱ የተጣመመ ከሆነ ተቀማጩ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ሕመሙ የወገብም ይሆናል። ዘንጎቹ ከጠንካራው ቅርፊት ጋር በሚጋጠሙባቸው ቦታዎች ስንጥቅ መኖሩ በጣት እየተዳሰሰ ይፈተሻል፤ ኮርቻው በሁለት እጅ ሲጠመዘዝ ሲጥ ሲጥ ካለ ቅርፊቱ ተጎድቷል። አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ የሰመጠ ስፖንጅ የቀድሞውን ባለቤት አቀማመጥ ስለያዘ አይገዛም። ስመ ጥር የሆነ የካርቦን ኮርቻ እጅግ በረከሰ ዋጋ ሲቀርብ አስመስለው የሠሩት ሊሆን ስለሚችል፣ በጉዞ ላይ የሚሰበር ዘንግ ከሚያደርሰው አደጋ አንጻር መተው ይሻላል።

ደረጃ 7፦ መግጠምና ማስተካከል

አሮጌው ኮርቻ ከመውለቁ በፊት ቁመቱና ከመሪው ያለው ርቀት ተለክቶ በወረቀት ይጻፋል። የኮርቻዎች ውፍረት ስለሚለያይ፣ ቱቦው ባይነካም እንኳ አዲሱ ኮርቻ ከአሮጌው በ10 ሚ.ሜ. ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ቁመቱ ሁልጊዜ እስከ ኮርቻው ገጽ ይለካል። ረጅም ኮርቻ በአጭር ሲተካ አፍንጫን ከአፍንጫ ማስተያየት ያሳስታል፤ ትክክለኛው ማመሳከሪያ በሁለቱም ላይ ስፋቱ 80 ሚ.ሜ. የሚሆንበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ነጥቦች ከመሪው እኩል ሲርቁ ተቀማጩ ቀድሞ ከነበረበት ቦታ አይናወጥም።

ኮርቻው ለመጀመሪያው ጉዞ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይገጠማል። ገጹ የጎደጎደ ወይም ሞገድ ያለው ከሆነ፣ ውሃ ልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሆን በፊተኛውና በመካከለኛው ክፍል ላይ ይጋደማል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ በማጥበቂያው ላይ በኒውተን ሜትር የተጻፈው የኃይል ገደብ ይጠበቃል፤ ከካርቦን ለተሠራ ቱቦ ወይም ዘንግ ይህን ማለፍ ስንጥቅ ያስከትላል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ብሎኖቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

ደረጃ 8፦ መሞከርና ምልክቶችን ማንበብ

አዲስ ኮርቻ በአንድ ጉዞ አይፈረድበትም። የመቀመጫ አጥንቶች ላይ የሚሰማ ቀላል ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚጠበቅ ሲሆን፣ በአጫጭር ጉዞዎች እየተለመደ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማስተካከያ ቢያስፈልግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ቁመት ወይም የፊትና የኋላ አቀማመጥ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ.፣ ዝንባሌ ደግሞ በአንድ ዲግሪ፣ ይለወጥና ሁለት ሦስት ጉዞ ይደረጋል፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

የሕመሙ ቦታ ምክንያቱን ያመለክታል። መደንዘዝ በመሐል ከተሰማ አፍንጫው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ካልተሻለ ኮርቻው ጠቧል ወይም በቂ ክፍተት የለውም ማለት ነው። ጭኖች በውስጥ በኩል ከተላጡ ኮርቻው ከፍ ብሏል ወይም አፍንጫው ሰፍቷል። ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ኮርቻው ወደ ጎን መዞሩ፣ ከፍ ማለቱ ወይም የእግሮች ቁመት አለመመጣጠኑ ይመረመራል። መዳፎች ከደነዘዙ ኮርቻው አቀርቅሮ ሰውነትን ወደ መሪው እየገፋ ሊሆን ይችላል። ሰውነት በየደቂቃው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ኮርቻው ወደ ፊት ቀርቧል ወይም መሪው ርቋል።

ከኮርቻው ውጪ ያሉ ነገሮችም ድርሻ አላቸው። ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ የሚለበሰው ያለ የውስጥ ሱሪ ነው፤ የውስጥ ሱሪው ስፌት ቆዳን ስለሚፈትግ የቁምጣውን ጥቅም ያጠፋዋል። ቁምጣው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ይታጠባል፤ ላብ የጠጣ ጨርቅ የቁስለት መነሻ ነውና። በየአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃው ለጥቂት ሰከንዶች ከኮርቻው ብድግ ብሎ መርገጥ የደም ዝውውሩን ይመልሳል። በኮብልስቶንና በተቆፈረ አስፋልት ለሚጋልብ ሰው ደግሞ ፍሬሙ ከፈቀደ ሰፋ ያለ ጎማ በመጠኑ በቀነሰ አየር መጠቀም ወደ መቀመጫው የሚደርሰውን ንዝረት በጉልህ ይቀንሳል።

መደንዘዝ ከጉዞው በኋላ ለሰዓታት ከቆየ ወይም በየጉዞው ከተደጋገመ፣ ቁስሉም ካበጠና መግል ከያዘ፣ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ብስክሌቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። የነርቭ መጨመቅ በጊዜው ሲታረፍበት አብዛኛውን ጊዜ የሚሻር ሲሆን፣ እየታመሙ መልመድ ግን ጉዳቱን ያራዝመዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ለሁሉም ሰው ምቹ የሆነ ኮርቻ የለም፣ ጓደኛ ያመሰገነው ወይም ዋጋው የከበደ ኮርቻም ለገዢው ይስማማል ማለት አይደለም። ስለዚህ አዲስ ኮርቻ ለመግዛት ያሰበ ሰው በቅድሚያ ነባሩን በሚገባ ያስተካክል፤ ሕመሙ ካልለቀቀው የአጥንቱን ልክ፣ የሚያጎነብስበትን መጠንና የብስክሌቱን ማጥበቂያ ዓይነት በወረቀት ጽፎ ወደ ሱቅ ይሂድ፤ ሻጩንም ስለ ልስላሴው ከመጠየቁ በፊት ስለ ስፋቱ ይጠይቀው።